ብዕር የሚይዝ ማሽንና የሐረር ደንበኛ

በእንቁጣጣሽ ልጆች በእጃቸው ሥለው ለጎረቤት የሚያድሉትን የአበባ ሥዕል ስንቷ እናት ግድግዳ ላይ ለጥፋ ታከርመዋለች። በሐረር አቦከር ቡና ወይም ልብስ የሚሸጥ ነጋዴም ለደንበኞቹ በእጅ የተጻፈ ካርድ ቢልክ እንዲህ ይወደድለታል። ደንበኞቹ አምስት መቶ ከሆኑ ግን በዓሉ አልፎ እሱ ገና እየጻፈ ነው። ፕሎተር የሚባለው ማሽን የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው።

ፕሎተር እንደ ማተሚያ ቀለም አይረጭም፤ እውነተኛ እስክሪብቶ ይይዛል። ሁለት ሞተሮች ብዕሩን ወደ ጎንና ወደ ላይና ታች ይነዱታል፣ ሌላ ትንሽ ሞተር ከወረቀቱ ያነሳዋል፣ ያሳርፈዋል። የሚመራው ኮድ ነው። የደንበኞች ስምና የገዙት ዕቃ በሰንጠረዥ ይያዛል፤ ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ረድፍ በረድፍ እያነበበ መልእክቱን ያዘጋጃል፣ ፊደሉን ወደ መስመር ለውጦ ለማሽኑ ይልካል።

ለኛ የሚከብደው ፊደሉ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያሉት የግዕዝ ፊደላት በጠርዛቸው የተሣሉ ስለሆኑ ብዕሩ ጠርዙን ብቻ ተከትሎ መሃሉ ባዶ የሆነ ፊደል ያወጣል። አሜሪካዊው አለን ሄርሺ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው ባለ ነጠላ መስመር ፊደላት ውስጥ ላቲን፣ ግሪክና ሩሲያኛ አሉ፤ ግዕዝ የለም። ስለዚህ አንድ ጽሕፈቱ ያማረ ሰው ቁጭ ብሎ ገበታውን መጻፍ አለበት፦ 33 በሰባት፣ 231 ፊደል። ያው «ለ» አሥር ጊዜ ሳይለወጥ ከተደገመ የማሽን ሥራ መሆኑ ስለሚነቃ፣ እያንዳንዱን አራት አራት ጊዜ ቢጽፈው ይመረጣል። 924 ይሆናል። ፕሮግራሙ በየቦታው አንዱን በዕጣ ያነሳል። አድካሚ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ከተሠራ ለማንኛውም ካርድ ያገለግላል።

ፊደሉ ቢሟላም ሰንጠረዡ ስም ብቻ ከያዘ ካርዱ ያስቀይማል። በነጋዴው እናት ዕድሜ ያሉ ሴት «እንኳን አደረሰሽ» የሚል ቢደርሳቸው ባይላክ ይሻል ነበር። «አደረሰህ»፣ «አደረሰሽ»፣ «አደረሰዎት» የሚለውን ማሽኑ ከስም አይገምትም፤ ነጋዴው ራሱ በየስሙ ትይዩ ይሙላ። ሐረር ላይ ደግሞ የቋንቋ ዓምድ የግድ ነው፤ ደንበኛው ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ ወይም ሶማሊኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል፣ ኦሮምኛው በላቲን ይጻፋል። በዓሉም እንደዚያው ነው። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. በቅርስነት የመዘገበው ሹዋሊድ ከረመዳን በኋላ የስድስቱ ቀን ጾም ሲፈታ ይከበራል፤ የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር፣ ቀኑን ኮድ ውስጥ አንዴ ጽፎ መተው አይቻልም።

እኔ ብሆን ከካርዱ ግርጌ ሁለት መስመር ባዶ እተው ነበር። ማሽኑ እዚያ ሲደርስ ብዕሩን ያነሳል፤ ፊርማውንና «ያ ነጠላ እንዴት ሆነልዎት?» የሚለውን ጥያቄ ነጋዴው በገዛ እጁ ይጽፋል።