ወንዙን ከማስዋብ በፊት ሰፈሩን ማየት

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስምንት ዓመት የሆነው የልጅ ልጄ ትንሹ አቃቂ ላይ ካሉት ድልድዮች አንዱ ጋ ቆም አለና ወደ ታች እያየ፣ «አያቴ፣ እዚህ ውስጥ ዓሣ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ እጁ አፍንጫው ላይ ነበር። እኔ በእሱ ዕድሜ ከእናቴ ጋር ልብስ ያጠብነው፣ ወንዶቹም ዋና የተማሩት ከዚሁ ወንዝ ትንሽ ከፍ ብሎ መሆኑን ብነግረው አላመነኝም። ተረት መሰለው። ከታች፣ ከቆርቆሮ ቤቶቹ ጀርባ፣ ሁለት ሕፃናት ፕላስቲክ ጠርሙስ በእንጨት እየገፉ ይጫወታሉ። አንደኛው ባዶ እግሩን ነበር።

ስለ ወንዝ ዳር ልማት ብዙ ተወርቷል። አዲስ አበባን የማስዋብ የወንዞች ዳርቻ ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ 29 ቢሊዮን ብር የተገመተ ሥራ መሆኑን ሰማን። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ለአንድ ሰው አምስት ሚሊዮን ብር የተከፈለበት እራት ተበላ። በ2012 መጨረሻ የወዳጅነት ፓርክ ተከፈተ። እኔም ልጆቹን ይዤ ሄጃለሁ፤ ደስ ይላል፤ ሽማግሌ የሚያርፍበት ወንበር አለው። ስለዚህ ልማቱን ለመቃወም አይደለም የምጽፈው። የምጽፈው ገና ያልተነኩት ሰፈሮች ተራቸው ሲደርስ ምን መታየት እንዳለበት ነው።

ነርስ ትምህርት ቤት ስንገባ መጀመሪያ ያስተማሩን መርፌ መውጋት አልነበረም። በሽተኛውን ማየት፣ መጠየቅ፣ መዳሰስ፣ ከዚያ መጻፍ። መድኃኒት የሚመጣው በኋላ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለብዙ ዓመታት ቤት ለቤት ስዞር ወንዝ ዳር ያሉ ሰፈሮችን ያየሁት በዚህ ዓይን ነው። ሰፈርም ይመረመራል። ካርታና ሜትር ይዘው የሚመጡት መሐንዲሶች የማያዩትን፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው ያያል።

በመጀመሪያ የሚታየው ሽንት ቤቱ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና የምግብ ሰዓት ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ወንዝ ዳር ባሉት አሮጌ ግቢዎች ስምንት አሥር ቤተሰብ አንድ ጉድጓድ ይጠቀማል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና አይገባም። ጉድጓዱ ሲሞላ ምን ይደረጋል? ዝናብ ይጠበቃል። ኃይለኛ ዝናብ የጣለ ሌሊት ከጎን ያለው ቱቦ ይከፈታል፣ ወንዙ ይዞት ይሄዳል፣ ጠዋት ማንም ማንንም አይጠይቅም። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሌላ መውጫ የሌላቸው ናቸው። ደግሞ የድሃውን ቱቦ ብቻ አንቁጠር። ከላይ ካሉት ፎቆች፣ ከጋራዦች፣ ከቆዳ ፋብሪካዎችም የሚወርድ አለ። ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ከቀድሞው በብዙ እጥፍ ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲይዝ ተደርጓል፤ ነገር ግን ማጣሪያ የሚያጣራው በመስመር የደረሰለትን ነው። መስመሩ ያልደረሰበት ግቢ ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ የወንዙ ዳር ድንጋይ ከመነጠፉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ፣ «ከላይ ስንት ቱቦ ወደዚህ ይወርዳል? የማን የማን ነው?» የሚለው ነው። በየግቢው እየገቡ መቁጠር ያስፈልጋል። በኮሪያ ዋና ከተማ ሶል፣ ቾንግጌቾን የሚባለው ወንዝ በመንገድ ተሸፍኖ ኖሮ በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ወደ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህሉ ተከፍቶ ለመናፈሻ በቅቷል። ዓለም የሚያደንቀው ሥራ ነው። ግን እዚያ የሚፈሰው ውሃ አብዛኛው ከሌላ ወንዝ በፓምፕ የሚሳብ ነው፤ ለዚያም በየቀኑ ወጪ አለው። እኛ ያን ያህል የምንስበው ውሃ የለንም። ያለን የራሳችን ወንዝ ነው፣ እሱም ከምንጩ ካልጸዳ አበባ የተተከለበት ፍሳሽ ይሆናል።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ አተት አዲስ አበባ ውስጥ በተከሰተ ጊዜ ወንዝ ዳር ካሉት ቤቶች የሚመጡትን ሕፃናት አስታውሳለሁ። አንዲት እናት በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ያንኑ ልጅ ይዛ መጣች። ሦስተኛው ላይ ተቆጣኋት፤ እጅ መታጠብ አልነገርኳችሁም ወይ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሲስተር፣ በምን ልታጠብ?» አለችኝ። የቦኖው ውሃ ከመጣ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። ዛሬም ድረስ ያ ቁጣዬ ያሳፍረኛል። ልጁን በኦ አር ኤስ አዳንነው፤ ተመልሶ የሄደው ግን ወደዚያው ግቢ ነው።

ጎርፉ ሁለተኛው ነገር ነው። ይህን ለረጅም ጊዜ የኖሩት ያውቁታል፤ በየትኛው ዓመት ውሃው እስከ የት እንደ ደረሰ ግድግዳ ላይ በጣታቸው ያሳያችኋል። መዝገብ የሌለውን ሽማግሌ ይነግራል። በድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲወስድ፣ ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሰው የሚገበያይበት ቦታ ነበር። ወንዝ ቦታውን አይረሳም። ከዳር መነሳት ያለበት ቤት መኖሩን እኔም አምናለሁ፤ ሕፃን ተኝቶበት ውሃ የሚገባበትን ክፍል አይቻለሁና።

ስለ አትክልቱም ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ይህ ወንዝ ዳር ለማይኖሩትም ነው። በትንሹ አቃቂ ዳር፣ ከመካኒሳ እስከ አቃቂ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመንና ካሮት በዚሁ ውሃ እየለማ ለገበያ ይቀርባል። ገበሬዎቹ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩበት ሥራ ነው። እኛ አያቶች ደግሞ ሰላጣውን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈን አጸዳነው እንላለን። አቼቶ የወስፋት እንቁላልን ሁሉ ይገድላል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ማብሰል ግን ይገድላል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣውን ክሮሚየም ደግሞ ማጠብም ማብሰልም አያወጣውም። ለትንንሽ ልጆች ከየት እንደመጣ የማታውቁትን ቅጠል ጥሬውን አትስጡ። ውሃውም እዚህ አያበቃም፤ አባ ሳሙኤል ደርሶ፣ ወደ አዋሽ ገብቶ፣ ቆቃን አልፎ ይሄዳል። የአዳማ ሰው የሚጠጣው ከአዋሽ ነው። አዳማ ልጅ የዳርን ስንቶች ነን?

ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልመለስ። ሰፈር ሲነሳ ቤት ይቆጠራል፣ ካሬ ይለካል፣ የቀበሌ ቤት ነው የግል ተብሎ ይጻፋል። የማይጻፈው ነገር ምን እንደሆነ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው። ሰውየው ሁለተኛው ወር ላይ ሆኖ፣ ሳሉ ቀርቶለት፣ ቤቱ ይነሳና ከከተማው ሌላ ጫፍ ይደርሰዋል። መድኃኒቱ ያለው አሮጌው ጤና ጣቢያ ነው። ለመመላለስ ሁለት ታክሲ፣ አንዳንዴ ሦስት። «ተሽሎኛል» ይልና ይተወዋል። የተቋረጠ ቲቢ ሲመለስ መድኃኒት የለመደ ሆኖ ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ የሚያሰጋው ለእሱ ብቻ አይደለም፣ በዚያ አዲስ ኮንዶሚኒየም አብረውት ደረጃ ለሚወጡት ልጆችም ነው። ፔንታ በስድስተኛው ሳምንት የጀመረ ሕፃን በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው መቀጠል አለበት፤ በዘጠኝ ወር ደግሞ ኩፍኝ አለው። ዕቃ ሲጫን መጀመሪያ የሚጠፋው የክትባት ካርድ ነው። የደም ግፊትና የስኳር ክኒን የሚወስዱ አዛውንቶችም እንዲሁ።

ይህን ማስተካከል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሰፈሩን ቤት ሁሉ የሚያውቁት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ቤት ቆጣሪዎቹ ጋር አብረው ቢዞሩ፣ ነፍሰ ጡሯን፣ አራሷን፣ ክትትል ላይ ያለውን መዝግበው ወደሚሄድበት ጤና ጣቢያ ደብዳቤ ቢጽፉለት፣ መድኃኒቱን ለአንድ ወር ይዞ እንዲሄድ ቢደረግ፣ አብዛኛው ችግር ይቃለላል። የመነሻው ቀን ቀደም ብሎ መነገር ብቻ አለበት። በአንድ ሳምንት ማስጠንቀቂያ የሚነሳ ሰው የሚያስበው ስለ ቆርቆሮው ነው፣ ስለ ካርዱ አይደለም።

እድሩም አለ። እድር ለቀብር ብቻ ይመስላቸዋል የማያውቁት። አንዲት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ሁለት ቀን ደጃፏ ካልተከፈተ ሄዶ የሚያንኳኳው የእድርተኛ ልጅ ነው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ደንበኞቿ በእግር አምስት ደቂቃ ውስጥ ናቸው። አንድ ሰፈር ከተነሳ፣ በዕጣ በየአቅጣጫው ከመበተን አንድ ላይ ቢሄድ ይሻላል። ከቻለም ከዚያው ከወንዙ ብዙ ሳይርቅ ቢሠራለት፤ የጸዳውን ወንዝ ማየት የሚገባው ሽታውን ለሃምሳ ዓመት የቻለው ሰው ነውና።

እሑድ ድልድዩን ተሻግረን ስንወርድ የማውቃቸውን እማማ ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው። ግድግዳቸው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። ለክተው ከሄዱ ሁለት ወር ሆኖታል አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ የለም። ምን ጠየቋችሁ አልኳቸው። «ስንት ክፍል ነው አሉኝ። ነገርኳቸው» አሉ። የስኳር ክኒናቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከመታወቂያቸው ጋር ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል፤ ድንገት ተነሱ ከተባሉ እንዳይረሱት። የልጅ ልጄ ቀይ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ስንት እንደሆነ እስካሁን አያውቁም ነበር።