ማድያትና የሲያትል ደመና

በሲያትል የምንኖር ሐበሾች «እዚህ አገር ምን ፀሐይ አለና!» ማለት ይቀናናል። አዲስ አበባ ሳለን ጃንጥላ ዘርግተን፣ ነጠላ ተከናንበን የምንሸሸውን ፀሐይ ደመናው የዋጠው ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ፊትን የሚያጠቁረው ጨረር ደመናንም የመስኮት መስታወትንም ያልፋል።

ይህን የማነሳው በየሠርጉና በየማኅበሩ ማድያታቸውን በወፍራም ፋውንዴሽን የሚሸፍኑ እህቶችን ስለማይ ነው። አንዳንዶቹ ፊት የሚያነጣ ክሬም እስከ መቀባት ይደርሳሉ። ሃይድሮኪኖን ያለበት ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ አሜሪካ በ2020 እ.ኤ.አ. ከልክላለች። በድብቅ ከሚሸጡት በአንዳንዶቹ ደግሞ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ ይገኛል። ማድያቱ ቢለቅ እንኳ፣ ከፀሐይ ካልተጠበቁ ተመልሶ ይመጣል።

እህቶቼ፣ መላው ቀላል ነው። ጠዋት ፊታችሁን ታጥባችሁ የፊት ቅባት፣ ቀጥሎ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ሜካፑን በመጨረሻ ተቀቡ። የመከላከያው ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ነጩ ክሬም ፊትን አመድ ካስመሰለ ቀለም ያለውን ምረጡ፤ በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ማድያትን የሚያባብሰውን በዓይን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከላከላል። ውጭ ስትውሉ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት። ከዚህ አልፎ ማድያቱ ከባሰ፣ ከጎረቤት ምክር ይልቅ የቆዳ ሐኪም ይሻላል።