ለጠባብ ክፍል የሚስማማ አነስተኛ ድምፅ ማጉያ ስለ መምረጥ

በጎንደር ከተማ፥ በፒያሳም ሆነ በቅዳሜ ገበያ፥ ስፒከር ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም በካርቶኑ ላይ የታተመውን ቍጥር አንብቦ ይመልስለታል። ይሁን እንጂ ከቍጥሩ አጠገብ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚል ጽሕፈት ካለ፥ ዕቃው ለቅጽበት ብቻ ያወጣዋል ተብሎ የተገመተ ኃይል ነውና ለማስታወቂያ እንጂ ለመለኪያ አይሆንም። ነጋዴው ሊመለከተው የሚገባው «አር.ኤም.ኤስ.» ተብሎ የተጻፈውን፥ ይኸውም ዕቃው ሳይጐዳ ዘወትር የሚሠራበትን ኃይል ነው። ይህኛው ቍጥር ከፊተኛው እጅግ አንሶ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

ደግሞም ዋት ሲበዛ ድምፅ በዚያው መጠን አይበዛም። ኃይሉ እጥፍ ቢሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ዐሥር ጊዜ ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ ርዝመቱና ወርዱ አራት አራት ሜትር ለሆነ ክፍል ከ20 እስከ 30 እውነተኛ ዋት ይበቃል።

ትንሽ ሣጥን ወፍራም ድምፅ አይሰጥም የሚለው አሳብ በቀድሞ ዘመን እውነትነት ነበረው። በ1954 እ.ኤ.አ. ግን አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር ሣጥኑን አጥብቆ በመዝጋት በውስጡ ያለው አየር እንደ ሞላ እንዲያገለግል አደረገ፤ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ድምፅ ማጉያም ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። ቢሆንም ወሰን አለው። ባለ 4 ወይም ባለ 5 ኢንች ስፒከር የሰውን ድምፅና መሰንቆን አጥርቶ ሲያሰማ የከበሮን ወፍራም ምት ያሳንሳል። በሱቅ ውስጥ ለመፈተን በገና የመሰለ የለም። የበገና አውታሮች ወፍራምና ነዛሪ ድምፅ ስላላቸው ደካማው ሣጥን አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ደኅነኛው ግን የአውታሩን ንዝረት ከደርዳሪው ቃል ለይቶ ያሰማል። ደንበኛው የሚፈልገው የጭፈራ ቤት ጕርምርምታ ከሆነ ትልቅ ዕቃ እንዲገዛ በግልጽ መንገር ይሻላል።

ጥሩ ዕቃ በአቀማመጥ ስሕተት ብቻ «ተበላሽቷል» ተብሎ ለሻጩ የሚመለስበት ጊዜም አለ። ሣጥኑ በቡፌ ላይ ከግድግዳው ማዕዘን ተጠግቶ ሲቀመጥ ወፍራሙ ድምፅ ይበዛና ቃሉን ይሸፍነዋል፤ ይልቁንም የአየር መውጫው ቀዳዳ በጀርባው በኩል ከሆነ። ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ማራቅ ይበጃል። ቦታ ለሌለው ሰው ቀዳዳው በፊት ለፊት የሆነውን ወይም ፈጽሞ ቀዳዳ የሌለውን መስጠት ነው። ግድግዳው ብሎኬት፥ ወለሉ ሴራሚክ በሆነበት ቤት ድምፁ ስለሚያስተጋባ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይረዳሉ፤ ይህን የመሰለ ምክር ሻጩን ምንም አያስወጣውም።

አምፕሊፋየሩ በውስጡ የተሠራለት ዓይነት ሌላ መሣሪያ ስለማያስገዛ ለገዢው ይረክሳል። ነገር ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣው ኃይል ሊቃጠል ስለሚችል፥ መብራት ሲጠፋ ከሶኬት እንዲነቀል ማስታወስ ያስፈልጋል። ለብቻው አምፕሊፋየር የሚሻው ዓይነት ግን አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተርፋል።

ብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚጠይቀው ገንዘብ በጣም ጨምሯል፤ ያልተሸጠ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ማሳደርም ከቀድሞው ይልቅ ይጐዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ትንሹ ሣጥን በጭነት ዋጋም ይረዳል። ብዙ ከማዘዝ በፊት ግን አንድ ጥንድ አስፈትቶ ማየት ተገቢ ነው። የስፒከሩ ዙሪያ ስፖንጅ ከሆነ በዓመታት ውስጥ ይፈረፈራል፤ ጎማው ይሻላል። ሣጥኑ ችፑድ ከሆነም ጠርዙ በሚገባ መሸፈኑ ይታይ፤ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚሄድ ዕቃ የደጋውን ክረምት እርጥበት የሚቀበለው በዚያ በኩል ነው።