የብራዚል ሴት ገበሬዎችና በቤተ ሙከራ የተለወጠው ባሕር ዛፍ

ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ እንግዳ ዛፍ ቢሆንም፣ ዛሬ ለገበሬው ማገዶው፣ የቤቱ ማገርና የችግር ጊዜ ገንዘቡ ነው። ከማሳ ዳር ሲተከል እህል እንደሚያቀጭጭ፣ ምንጭ አጠገብ ሲሆን ውሃ እንደሚመጥም ገበሬው ያውቃል። ከድንበር ስንት ሜትር ይራቅ በሚል ክስ ያልተቀመጠ ሽማግሌ ጥቂት ነው።

በብራዚል ግን ክርክሩ ከሜትር አልፏል። በዚያች አገር ከ7 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መሬት በባሕር ዛፍ ተሸፍኗል። ከዚህም ብዙው ለወረቀት ፋብሪካዎች የሚውል ነው። ሱዛኖ የተባለው የወረቀት ኩባንያ ንብረት የሆነው ፊውቸራጂን፣ ከአንዲት ትንሽ አረም የወሰደውን ዘረ መል በባሕር ዛፍ ውስጥ አስገባ። ዘረ መሉ የእንጨቱን የሕዋስ ግድግዳ ስለሚያላላ ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል። በኩባንያው አባባል 7 ዓመት ይጠበቅ የነበረው ዛፍ በ5 ዓመት ተኩል ይቆረጣል፤ የእንጨቱም ምርት 20 በመቶ ያህል ይጨምራል።

የካቲት 26 ቀን 2007 ዓ.ም. ከመሬት አልባ ገበሬዎች ንቅናቄ የተውጣጡ 1,000 ያህል ሴቶች በሳን ፓውሎ ክፍለ ሀገር ኢታፔቲኒንጋ ወደሚገኘው የኩባንያው ጣቢያ ገብተው ችግኞቹን አጠፉ። በዚያው ዕለት 300 ያህል ገበሬዎች በዋና ከተማዋ በብራዚሊያ የፈቃድ ሰጪው ኮሚሽን የተቀመጠበት አዳራሽ ገቡ፤ ውሳኔውም ለሌላ ቀን ተላለፈ። ኩባንያው የዓመታት ምርምር ጠፋብኝ ብሏል። ችግኝ ማጥፋት ለገበሬ የሚከብድ ሥራ ነውና ድርጊቱን የሚነቅፍ አይታጣም። ሆኖም ሴቶቹ ያነሡት ጥያቄ በችግኙ ጥፋት የሚዘጋ አይደለም።

ከሁሉ የጠነከረው የማር ጥያቄ ነው። በብራዚል ባሕር ዛፍ ዋና የንብ ቀሰም ነው፤ በእኛም አገር ንብ አርቢው ቀፎውን የሚሰቅለው የባሕር ዛፍ አበባ በሚገኝበት አካባቢ መሆኑ የታወቀ ነው። ንብ የኩባንያ አጥር አታውቅም፤ የአበባውን ዱቄት ይዛ ወደ ጎረቤት ቀፎ ትገባለች። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ዘረ መሉ የተለወጠ በቆሎ ዱቄት ያለበት ማር ያለ ፈቃድ እንዳይሸጥ በይኖ ነበር። ሕጉ በ2006 ዓ.ም. ቢላላም፣ ለውጭ ገበያ የሚያመርተው የብራዚል ማር አምራች ሥጋቱ አልለቀቀውም። ዛፉን ያልተከለ፣ ትርፉንም ያልተካፈለ ሰው ማሩ ተመላሽ ቢሆንበት ማን ይክሰዋል? በቆሎ በየዓመቱ ይታጨዳል፤ ባሕር ዛፍ ግን ለዓመታት ያብባል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

ሁለተኛው ነገር የአየር ንብረት ነው። ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ የተቃጠለ አየር ስለሚመጥ ለዓለም መድኃኒት ነው ተብሎ ይቀርባል። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ሚላኖ ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት ለካርቦን ገበያ የሚተከሉ ደኖችን ደንብ ሲያወጡ፣ የተለወጡ ዛፎችን ጉዳይ ለየአገሩ ሕግ ትተውታል። ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ግልጽ ነው፦ ጭሱ የወጣው ከሀብታም አገሮች ፋብሪካ ነው፤ መሬትና ውሃ እንዲለቅ የሚጠየቀው ግን ጭስ ያላበዛው ገበሬ ነው። ዛፉስ በ5 ዓመት ተቆርጦ ወረቀት ከሆነ በኋላ የመጠጠውን ይዞ የሚቆየው እስከ መቼ ነው? ይህ ክርክር ሚዛን ይደፋል።

ኮሚሽኑ ሚያዝያ 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ዛፉን ፈቀደ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ግላይፎሴት የተባለውን የአረም መድኃኒት የሚቋቋም ባሕር ዛፍ ተፈቀደ፤ መድኃኒቱ ሲረጭ አረሙ ሞቶ ዛፉ ይቀራል። ለኩባንያዎቹ የቀረው መሰናክል ገበያ ነው። ኤፍ ኤስ ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ የደን ምስክር ወረቀት ሰጪ ድርጅት ዘረ መላቸው የተለወጡ ዛፎችን በሚመሰክርላቸው ደኖች ውስጥ አይቀበልም። በ2015 ዓ.ም. በጉዳዩ ላይ የጀመረውን ጥናትም በተቃውሞ ብዛት አቁሟል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ጥር 1992 ዓ.ም. በሞንትሪያል የጸደቀው የካርታሄና ደኅንነተ ሕይወት ስምምነት ሲረቀቅ፣ የአፍሪካ ዋና ተደራዳሪ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። አገሪቱም በአዋጅ ቁጥር 655/2001 ልውጥ ህያው ያለ ፈቃድ እንዳይገባ ደነገገች። የኢታፔቲኒንጋ ችግኞች በጠፉበት በ2007 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሽሎ ላላ፤ በ2010 ዓ.ም. ትል የሚቋቋም ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ።