ፍሌሚንግ የሚባለው ስም ከየት መጣ?

እኛ ስማችንን ከአባታችን ስም ጋር አያይዘን እንጠራለን። በእንግሊዝ አገር ግን የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ከነዚህ ስሞች አንዱ ፍሌሚንግ ነው። ትርጉሙም «የፍላንደርስ ሰው» ማለት ነው።

ፍላንደርስ ከእንግሊዝ በባሕር ማዶ ያለ አገር ነው። አብዛኛው ክፍሉ ዛሬ በቤልጂየም ውስጥ ይገኛል። ሕዝቡ የሱፍ ጨርቅ በመሥራት የታወቀ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1331 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ጆን ኬምፕ ለሚባል የፍላንደርስ ሸማኔ የጥበቃ ደብዳቤ ሰጠው። ሌሎች ሸማኔዎችም ተከትለው መጡ።

በፍላንደርስ ውስጥ ሁሉም የፍላንደርስ ሰው ስለሆነ ይህ ስም አንዱን ከሌላው አይለይም። ስሙን ያወጣው እንግሊዛዊው ጎረቤት ነው። በግብር መዝገብ ሲጻፍ ደግሞ ጸንቶ ለልጅ ልጅ ቀረ።

መጤ መባል ግን አደጋ ነበረው። በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች ግብር መሯቸው በተነሡ ጊዜ ለንደን ውስጥ ብዙ የፍላንደርስ ሰዎች ተገደሉ። ግብሩን የጣለው ግን ሸማኔው አልነበረም፤ መንግሥት ነበር።

በ1928 ፔኒሲሊን የተባለውን መድኃኒት ያገኘው የስኮትላንድ ገበሬ ልጅ አሌክሳንደር ፍሌሚንግም ይህንኑ ስም የያዘ ነው።

እንግዲህ የተጻፈ ስም ለብዙ ዘመን ይኖራል። ስለዚህ ስማችን በመዝገብ ሲሰፍር ዝም ብለን አንመለስ፤ በትክክል መጻፉን ራሳችን አንብበን እናረጋግጥ።