ብረት የሚደክመው የት ላይ ነው?

በጅቡቲ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በተመረቀው የዶራሌ ኮንቴይነር ማረፊያ፣ ክሬኖች ያለማቋረጥ ዕቃ ያነሣሉ፤ ያወርዳሉ። አንድ ክሬን በሰዓት 25 ኮንቴይነር፣ በቀን 20 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ በዓመት 150,000 ጊዜ ይጫናል፤ ይህንኑ ያህል ጊዜም ይራገፋል። በ10 ዓመት 1.5 ሚሊዮን ጊዜ መሆኑ ነው። ታዲያ 40 ቶን የሚችል ክሬን 20 ቶንን ለዘላለም ሊያነሣ ይችላልን? ተማሪዎቻችን «አዎን» ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን አንድ ጊዜ መቻልና ሚሊዮን ጊዜ መቻል የተለያዩ ናቸው።

ቀጭን ሽቦ አንድ ጊዜ ቢታጠፍ አይሰበርም፤ ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ብናጥፈው ግን ይቆረጣል። በትልልቅ ሥራዎች ላይ ብረቱ ሲታጠፍ በዓይን ሳይታይ፣ በትንሽ ጫናም ቢሆን፣ ስንጥቅ ቀስ በቀስ ያድጋል። ይህ የብረት ድካም ይባላል።

ድካሙ በተለይ የሚበረታው ቱቦ ከቱቦ ጋር በተበየደበት ቦታ ነው። አንዱ ቱቦ በሌላው ጎን ላይ ሲበየድ፣ የተቀባዩ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ይለጠጣል፤ ኃይሉም በዙሪያው እኩል ሳይሰራጭ በጥቂት ነጥቦች ላይ ይከማቻል። በብየዳው ጠርዝ ያለው ጫና በቱቦው ወገብ ካለው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚያው ጠርዝ ላይ ብየዳው የተዋቸው ጥቃቅን ጭረቶች አሉ። ስለዚህ የበለጠ ጠንካራ ብረት መምረጥ ብዙ አይረዳም፤ ስንጥቁ አንዴ ከጀመረ በሁሉም ዓይነት ብረት ውስጥ በተቀራራቢ ፍጥነት ያድጋልና። የሚረዳው ጫናውን መቀነስ ነው፦ የጫናው መዋዠቅ በግማሽ ቢቀንስ ዕድሜው 8 እጥፍ ገደማ ይረዝማል።

ቸል ማለት ምን እንደሚያስከፍል እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1980 በሰሜን ባሕር ታይቷል። የነዳጅ ሠራተኞች ማደሪያ የነበረው «አሌክሳንደር ኪላንድ» የተባለው መድረክ ተገልብጦ 123 ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁ የጀመረው መድረኩን ከተሸከመው ዋና ብየዳ አልነበረም። የድምፅ መስሚያ መሣሪያ ለመያዝ በአንድ ቱቦ ላይ ከተጨመረች፣ 6 ሚሊሜትር ብቻ ውፍረት ካላት ብየዳ ነበር። ያ ቱቦ ሲበጠስ ሌሎቹ ጭነቱን አልቻሉም፤ አንዱ እግርም ተገንጥሎ ሄደ።

እንደ ጅቡቲ ባለ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ጨዋማው እርጥበት ብረቱን እየበላ ስንጥቁን ያፋጥነዋል። መፍትሔው የብየዳውን ጠርዝ ሞርዶ ማለስለስ፣ ቀለሙን መጠበቅና በየጊዜው መመርመር ነው። ነገ በያጅ ወይም መሐንዲስ ለሚሆነው ተማሪ ከሁሉ በፊት ልናስተምረው የሚገባ ግን ይህ ነው፦ ጭነት በሚሸከም ቱቦ ላይ ትንሽ የሚባል ብየዳ የለም።