«ፎቶዎቹ ጠፉብኝ» ያለኝ ወዳጄ

ባለፈው እሑድ በአምቦ መንገድ አድርጌ ገፈርሳ የሚኖረውን አብሮ አደጌን ልጠይቅ ሄድኩ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ቡናው ቀርቦ፣ ልጁም ፈንዲሻ አምጥታ፣ እሱ ግን ፊቱ አልፈታ አለ። «ምን ሆነሃል?» ስለው ከኪሱ ፍላሽ አወጣ።

«የእሷ ፎቶ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነበር፤ ጠፋብኝ።»

እሷ የሚላት አምና ያረፈችውን ባለቤቱን ነው። ለሙት ዓመቷ ፎቶ ሊያሳትም ፍላሹን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ነበር። ቤቱ ተመልሶ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካው ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ለጥፈው ጠበቁት፤ ሲጫናቸው አይከፈቱም። አንድ የሰፈር ልጅ «ፎርማት ላድርግልዎት» ብሎት ነበር። እንኳን እሺ አላለ! ፎርማት ማለት ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነው።

ይህ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ነው። ፋይሉን አያጠፋም፤ ይደብቀውና በቦታው አስመሳይ ያስቀምጣል። አስመሳዩን የተጫነ ሰው ቫይረሱን ራሱ ይከፍታል። ስለዚህ ቀስቶቹን ሳንነካ ከዊንዶውስ ጋር በነፃ በሚመጣው ዲፌንደር ላፕቶፑንም ፍላሹንም አስፈተሽን። ከዚያ «ቪው» የሚለውን ከፍተን «ሂድን አይተምስ» ላይ ምልክት አደረግን። የደበዘዘ ፎልደር ብቅ አለ። ስንከፍተው የሠርጋቸው ዕለት ፎቶ! ወዳጄ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ፎቶዎቹን ወዲያው ላፕቶፑና ሌላ አዲስ ፍላሽ ላይ ገለበጥን። በዚህ መንገድ ካልታየ ግን ፍላሹ ላይ ምንም ሳይጨምሩ ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል።

ልነሣ ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዳትስቅብኝ» አለኝ። ልጁ ዲቪ እንደደረሳት የሚናገር ኢሜይል መጥቶለት፣ ለጉዳዩ ማስፈጸሚያ ገንዘብ በሐዋላ ሊልክ አስቦ ነበር። አልሳቅኩበትም። የአሜሪካ መንግሥት ዲቪ የደረሰውን ሰው በኢሜይል አያሳውቅም፤ አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ገብቶ ያያል። ኢሜይሉን ሳንመልስ፣ ውስጡ ያለውን ሊንክም ሳንነካ «ስፓም» ብለን መዘገብነው። የይለፍ ቃሉን ቀየርን፤ በስልኩ የሚላክ ሁለተኛ ማረጋገጫም ጨመርን።

«የማውቀው ሰው ቢልክልኝስ?» አለኝ። የሚታወቅ ስምም ዋስትና አይደለም። በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. «እወድሃለሁ» የሚል ርዕስ ይዞ ዓለምን ያዳረሰው ቫይረስ የተጠቂውን የአድራሻ መዝገብ ከፍቶ ራሱን ለወዳጆቹ ሁሉ ይልክ ነበር። ወዳጅ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ገንዘብ ከጠየቀ ደውሎ ድምፁን መስማት ነው።

በእርግጥ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ቫይረስ ማሰራጨትንም፣ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል መላክንም ያስቀጣል። የሄደ ገንዘብ ግን በቀላሉ አይመለስም።

ሲሸኘኝ ከማዶ የግድቡ ውሃ ያበራል። «ይህ ውሃ እንኳ ሳይጣራ አዲስ አበባ አይገባም» አልኩት፤ «ከውጭ የመጣ ፍላሽም ሳይፈተሽ አይከፈትም።»

ውድ ወላጆች፣ አያቶች፣ እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስባችሁ አፍራችሁ ዝም አትበሉ። አታላዩ የሚተማመነው በዝምታችን ነው። ልጆችም፣ አባት ሲጠይቅ «ይሄ እንኳ ጠፋህ?» አትበሉ፤ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አሳዩት።